ጓዳ ያለው አኮርዲዮን

ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ትተኛለች። ያልተኛውም የተኛ ይመስላል። የባጃጅ ሹፌሮች ጥላ ሥር ተደርድረው እግራቸውን ወደ ውጭ ሰቅለው ያንቀላፋሉ፤ ባለሱቁ በሩን ገርበብ አድርጎ ከባንኮኒው ጀርባ ይጋደማል፤ ጫቱን ይዞ የተቀመጠውም ወሬው አልቆበት ዝም ይላል። በዚህ ሰዓት ከዚራ ሰፈር ቁጭ ብላ የምትሠራ ሰው ብትኖር የሺአረግ ናት፤ እሷም ብትሆን እጇ ይሥራ እንጂ ልቧ በሕልምና በእውን መሀል ይዋልላል።

የሺአረግ አኮርዲዮን ትጠግናለች። አዎ፣ አኮርዲዮን! በዚህ ዘመን ማን ይጫወተዋል የሚል ካለ ልክ ነው፣ እሷም ደጋግማ ብላዋለች። በከተማው የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንዱ የሆቴል ጌጥ ሆኗል፣ አንዱ ውስጥ አይጥ ወልዳበታለች። ድሮ፣ የባቡሩ ዘመን ሳለ፣ እሷ የባቡር ወንበር ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ባሏ ገብረወልድ ደግሞ የፉርጎ አናጢ። የሠራተኞቹ ክበብ አኮርዲዮን በተበላሸ ቁጥር እንጨቱን እሱ፣ የወናፉን ቆዳና ጨርቅ እሷ ይይዙ ነበርና፣ ሳያስቡት ባልና ሚስቱ በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለተኛ ትዳር መሠረቱ። ገብረወልድ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ትዳሩ ግን እሷ ዘንድ አለ።

ገብረወልድ የአኮርዲዮንን ሆድ ዕቃ ሲያስረዳ እንደ ቤት ነበር የሚያስረዳው። ተራው አኮርዲዮን ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው፣ ይል ነበር። ቀጫጭኖቹ የብረት ምላሶች በሩ አጠገብ ተሰልፈዋል፤ የወናፉ ነፋስ ሲመታቸው የሚያሰሙት ድምፅ በቀጥታ ደጅ ይወጣል፤ ሹል ነው፣ መንገድ ላይ ቆሞ እንደሚጣራ ሰው። ደህናው አኮርዲዮን ግን ከሳሎኑ ሌላ ጓዳ አለው። ከምላሶቹ ግማሾቹ በእንጨት ግድግዳ በተከበበች ጠባብ ክፍል ውስጥ በጎን ተተክለዋል። ድምፃቸው ወጣሁ ሲል ደጅ አያገኝም፤ ግድግዳ ያገኛል፣ ማዕዘን ይዞራል፣ ሹልነቱን እዚያው እንጨቱ ላይ ጥሎ ለስላሳውን ብቻ ይዞ ይወጣል። ጓዳ ሆና የምታንጎራጉር ሴት ሳሎን ለተቀመጠ ሰው እንዴት እንደምትሰማው ማሰብ ነው። ቃሉ አይለይም፣ ዜማው ግን አንጀት ይበላል።

እንዲህ ያለ ጓዳ ያለው አኮርዲዮን ድሬ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ የሳላሀዲን። ሳላሀዲን ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ የመጋላ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነው፤ አሁን እንኳ መርፌውን ለልጆቹ ትቶ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሚተች ሰው ሆኗል። አኮርዲዮኑን አባቱ ወደ አገሩ ከሚመለስ ግሪክ ነጋዴ ነው የገዛው። ከነጮቹ ቁልፎች በላይ ሁለት መቀየሪያዎች አሉት፤ አንደኛው ጓዳውን ብቻ ይከፍታል፣ ሁለተኛው ጓዳውንም ሳሎኑንም አንድ ላይ።

በእነዚህ ሁለት መቀየሪያዎች ሳላሀዲን የራሱን ወግ ፈጠረ። ሰርግ ላይ ሙሽራዋ ገና ጓዳ ሆና ስትዘጋጅ እሱም በጓዳው ድምፅ ብቻ ይጫወታል፤ ለስለስ አድርጎ፣ ለእሷ ብቻ የሚነግራት ነገር ያለው ይመስል። ሰው ሻዩን ይጠጣል፣ ሐልዋውን ይቆርሳል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሙሽራዋ እግሯን ከደፍ ስታሻግር ያን ጊዜ ሁለተኛውን መቀየሪያ ይጫናል፤ ሳሎኑ ይከፈታል፤ ዜማው ከእሷ ጋር ወደ ብርሃን ይወጣል፤ እልልታው ይቀልጣል። በመጋላ እናቶቻቸውንም ልጆቻቸውንም በዚህ ዜማ ያስወጣላቸው ቤቶች አሉ። አኮርዲዮኑ ሳሎኑን ሲከፍት መነሳት ነው፣ ማንም ቀና ብሎ በሩን አያይም።

ታዲያ በቅርቡ የባለሱቁ የሚክዳድ ልጅ ስትዳር ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሙሽራዋ ፀጉሯ ገና አላለቀም። ሳላሀዲን ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጓዳው ድምፅ እየተጫወትኩ ነው ብሎ፣ ከፍቶ የተቀመጠው ግን ሁለቱንም ነው። ሰው ግር ብሎ ተነሳ። እልልታው አካባቢውን አናወጠው፤ ልጆች ከረሜላ በተኑ፤ ካሜራ የያዘው ሮጦ በር ላይ ተንበረከከ። በሩ ግን ዝግ ነው። ቆይቶ የሙሽራዋ አክስት ማበጠሪያ እንደያዘች አንገቷን ብቅ አደረገችና፣ ምን ሆናችሁ፣ ቤት ተቃጠለ ወይ ብላ ጠየቀች። ሳቁን ተዉት። ሳላሀዲን ግን አልሳቀም፤ የሰማው አንዳች የተለወጠ ነገር አልነበረማ።

በማግስቱ አኮርዲዮኑን በጀርባው አዝሎ፣ ድልድዩን ትቶ በደቻቱ ደረቅ አሸዋ መሀል አቋርጦ፣ ፊቱን እንደ ዝናብ ቀን አጨፍግጎ የሺአረግ ቤት ደረሰ። የሳሎኑ ምላሶች ሞተዋል አላት። ሁለተኛውን መቀየሪያ ቢጫን የሚወጣው ያው የጓዳው ድምፅ ነው፤ ሹሉ፣ ብርሃኑ፣ የሚወጋው ነገር የለም። የልጅ ልጁ የኑርሀን ሰርግ ደግሞ ደርሷል። እናቷን ያስወጣት እሱ ነው፤ እሷንም አስወጣሻለሁ ብሎ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቃል ገብቶላታል። ካልተጠገነ ግን በልጅ ልጁ ሰርግ ዳግመኛ መሳቂያ አይሆንም፤ ሳጥኑን ይዘጋዋል፤ አበቃ።

የሺአረግ መጀመሪያ የጠረጠረችው ሙቀቱን ነው። ምላሶቹ በየቦታቸው የተጣበቁት በሰም ነው፣ የድሬ ፀሐይ ደግሞ ሰም አይፈራም። በሌላ አገር የተሠራ አኮርዲዮን እዚህ መጥቶ አንድ በጋ ካሳለፈ ምላሶቹ ይንሸራተታሉ። ስለዚህ ገብረወልድ ከዋሂል ገበያ የሚያመጣውን ሰም ከዛፍ ሙጫ ጋር እያፈላ፣ እየቀመሰ ሳይቀር፣ ለዚህ ከተማ የሚሆን ሰም አወጣ። እንዴት በጥርስህ ታውቀዋለህ ስትለው፣ አንቺስ ወጥ በምን ታውቂያለሽ ይላት ነበር። ከፍታ አየች። ሰሙ እንደ ድንጋይ ነው። ምላሶቹ እንደ ትላንት ተሰልፈዋል፤ ዝገት የለ፣ ስንጥቅ የለ፣ የጓዳው ግድግዳ አልተነቃነቀ።

ነፋች። ጓዳው ለስላሳ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ደግሞ ብሩህ። ምን ሞተ? እንደገና ነፋች። ያው ነው። ጀርባህን ስጠኝ አለችው፤ ሰጣት። አንዱን ተጭና አንድ ዜማ፣ ሌላውን ተጭና ያንኑ ዜማ አሰማችው። የትኛው ጓዳ ነው? ሁለቱም ጓዳ ነው አለ። ደግማ አሰማችው። ሁለቱም ጓዳ ነው አልኩሽ እኮ፣ ለዚህ አይደል ያመጣሁት ብሎ ተቆጣ። ከተቆጣ በኋላም ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ፣ ይልቅ የማራገቢያሽን ድምፅ አስተካክይ፣ ዋው ዋው እያለ ራሴን ይበጠብጠኛል አላት። ቤቷ ሁለት ማራገቢያ አለ፣ አንዱ ከጣሪያ፣ አንዱ ከመሬት፤ አብረው ሲዞሩ ድምፃቸው ይርገበገባል፣ አንዱ ሲጠፋ ይቆማል። ልብ አላለችውም። ልቧ ስንጥቅ ብሎ ነበርና።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። መጋላ ሁሉ ያውቃል፤ ሳላሀዲን ሻይ ቤት ውስጥ ሴቶች ሲናገሩት ሁለት ጊዜ እንደሚያስደግም፣ የወፍ ድምፅ ጠፋ ብሎ ዛፉን እንደሚወቅስ። ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። ሰው ሲያረጅ ጆሮው መጀመሪያ የሚጥለው ቀጭኑን፣ ሹሉን ነው፤ የሺአረግ ይህን ከሐኪም ሳይሆን በመጨረሻ ዓመቶቹ ከገብረወልድ ተምራዋለች። አኮርዲዮኑ ድሮ ጓዳ ነበረው፤ አሁን ሳላሀዲን ራሱ ጓዳ ገብቶ ተቀምጧል፣ ዓለም የሚመጣለት ማዕዘን ዞሮ ነው።

ተወው፣ አየዋለሁ ብላ ሸኘችው። ዕድሜዋን ሙሉ አፏ ከልቧ የቀደመ ሴት ያን ቀን እውነቱን አሳደረችው።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ አኮርዲዮኑ አጠገብ ተጋደመች፤ እንቅልፍ ወሰዳት። በሕልሟ አኮርዲዮኑ ቤት ሆኖ ነበር። ገባች። ሳሎኑ ባዶ ነው፣ ፀሐይ ብቻ ተኝቶበታል። ከጓዳ ሰው ያንጎራጉራል። ገብረወልድ ነው፤ አልጠራችውም፣ ከጠራችው እንደሚያቆም ገብቷታል። እሷም ከደፉ ወዲህ ቁጭ ብላ አብራው አንጎራጎረች። ያንኑ ዜማ፣ ያንኑ ቅጥነት፣ ግን ትንሽ፣ ኢምንት ታህል ከእሱ ከፍ አለች፤ ያን ጊዜ በሁለቱ ድምፅ መሀል አየሩ እንደ ውሃ ተርገበገበ። ነቃች። ሁለቱ ማራገቢያዎች ዋው ዋው ይላሉ። እንደተጋደመች አዳመጠቻቸው፤ ቆይታ ቆይታ፣ ወይ የኔ ነገር አለች።

ሳላሀዲን ሹሉን አይሰማም፤ መርገብገቡን ግን ሰምቶታል፤ ራሴን በጠበጠኝ ብሎ እስኪቆጣ ድረስ። ሁለት ምላሶች ልክ አንድ ከሆኑ አብረው ሲጮኹ አንድ ድምፅ ናቸው። አንደኛው ከሌላው ጥቂት ከራቀ ግን ድምፁ ይርገበገባል፣ ያንን ደግሞ ያረጀ ጆሮም አይስተውም። የሳሎኑን ምላሶች ጫፍ ጫፋቸውን ፍቃ ጥቂት ከፍ ብታደርጋቸው፣ ሳላሀዲን ሁለተኛውን መቀየሪያ ሲጫን ቤቱ እንደተከፈተ ያውቃል።

ብቻ አንድ ነገር አለ። እነዚያን ምላሶች የቃኘው ገብረወልድ ነው። በመጨረሻው ዓመት፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ እሷ ወናፉን እየያዘችለት፣ ጓዳውንና ሳሎኑን አንድ ለአንድ አገጣጥሞ እንደ አንድ ሰው አስጮሃቸው። ከዚያ ወዲህ ሌላ አልቃኘም። የገብረወልድ ፎቶ ግድግዳ ላይ አለ፣ ኮቱ ሳጥን ውስጥ አለ፤ እጁ ግን ያለው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው። የሺአረግ የማታውቀው ሰው ሰርግ ላይ ሳትጠራ ሄዳ ከኋላ የምትቀመጠው ለዚህ ነበር። የተፈቀ ብረት ደግሞ አይመለስም።

ሳላሀዲን በሦስተኛው ቀን መጣ። ውሃ ሰጠችው፣ አስቀመጠችው፣ እንደ ልማዷ አልቀለደችም። እሱም ነገር እንዳለ ገባው።

«ሳላ፣ ሳጥኑ ምንም አልሆነም» አለችው ጮክ ብላ። «ጆሮህ ነው።»

ሳላሀዲን የውሃውን ብርጭቆ በእጁ ያዞራል፣ ያዞራል። ዋሸችኝ፣ አሾፈችብኝ ብሎ ይነሳል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን አልተነሳም፤ የዛፉን ወፎች ሳያስታውስ አልቀረም።

«አላህ ሲወስድ ከቀጭኑ ነው የሚጀምር» አለ በመጨረሻ።

ያኔ ያሰበችውን ነገረችው፤ የማራገቢያውን፣ የመርገብገቡን፣ የሳሎኑን ምላሶች። ነገሩ ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። ገብረወልድ ሲቃኝ እሱም እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አቦ የሺ፣ እኔ ስለደነቆርኩ የገብሬን እጅ ልትፍቂው? አይሆንም። ይቅር።»

አኮርዲዮኑንም አልወሰደም። በመጣበት አሸዋ ተመለሰ፤ እሷም በር ላይ ቆማ ማዶ እስኪደርስ ባዶ ጀርባውን አየች።

እሱስ ተወ፣ እሷ ምን ታድርግ? አንዱን ቀን እነካዋለሁ ብላ ሞረዱን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። አንዱን ቀን ከነጭራሹ ሳጥኑን በአንሶላ ሸፈነችው። ሙት ማስከፋት ይሻላል ወይስ በሕይወት ያለውን መቅበር? እንዲህ እያለች ከራሷ ጋር ስትጣላ ሰነበተች፤ ከራስ ጋር ጠብ ደግሞ ሽማግሌ የለውም።

ኑርሀን ናት የገላገለቻት። እጇን ሒና ከመቀባቷ በፊት በባጃጅ መጣች። አዳዳ ነው የምትላት፣ አክስቴ እንደማለት። አባባ አልጫወትም ብሏል አለቻት፤ ቴፕ ይከፈታል አሉኝ። ከዚያ ረጋ ብላ፣ ለቅሶም ጩኸትም ሳይኖርባት እንዲህ አለች፦

«እሱ ካልተጫወተ ከጓዳ አልወጣም፣ አዳዳ። ሙሽራው ይጠብቅ።»

ልጅቷ ስትሄድ የሺአረግ ቁጭ ብላ ከት ብላ ሳቀች፤ ቀጥላ አለቀሰች። ሙሽራ አልወጣም ካለች እኮ አገር ይቆማል! አንሶላውን ገፈፈች። ከዚያም የምታውቀው ነገር አሁን በሌላ መልኩ ታያት፤ ጓዳውን አትነካውም። የጓዳው ምላሶች ገብረወልድ እንደተዋቸው ይቀራሉ። የምትፍቀው የሳሎኑን ብቻ ነው። ሳሎን ድሮም የእንግዳ ነው፣ ሰው ይገባበታል፣ ሰው ይወጣበታል።

ማራገቢያዎቹን አጠፋች፤ ለመስማት ዝምታ ያስፈልጋል፣ የዝምታ ዋጋ ደግሞ በድሬ ላብ ነው። ከተማው ተኝቷል። የመጀመሪያውን ምላስ ጫፍ በሞረዱ ዳሰሰችው፤ ብልጭ የሚል የብረት ብናኝ ጣቷ ላይ ቀረ። ገብሬ ይቅር በለኝ አለች፤ ጣቷን አልጠረገችም። ነፋች፤ አዳመጠች። ገና ነው። ደግማ ዳሰሰች። በዚያ በላብና በጸጥታ መሀል፣ ጓዳው ቀጥ ብሎ ሲዘምር ከሳሎን ሌላ ሰው ተቀበለው፤ አየሩም በቀስታ ተርገበገበ። እንደ ሕልሟ። ከዚያ በኋላ ስንት ከሰዓት በኋላ እንዲሁ እንዳለፈ አታውቅም፤ ከምላስ ወደ ምላስ ስትሄድ ጊዜው ራሱ አብሯት ያንቀላፋ መስሏታል።

የሰርጉ ዕለት አኮርዲዮኑን በባጃጅ ጭና መጋላ ገባች። ግቢው ሞልቷል። ሳላሀዲን አዲስ ኮፍያ አድርጎ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ምን እንደሚያደርጋቸው የማያውቅ ሰው ሆኖ ተቀምጧል። ቴፑ ይጮሃል። ሙሽራዋ አልወጣችም። ሽማግሌዎች ይንሾካሾካሉ፣ ሙሽራው ላቡን ይጠርጋል፤ ከጓዳ የመጣው መልስ ያው አንድ ነው። የሺአረግ ማንንም ሳታስፈቅድ ቴፑን አጠፋች፤ አኮርዲዮኑን ሳላሀዲን ጭን ላይ አስቀመጠችና የትከሻውን ማሰሪያ አጠለቀችለት።

ሳላሀዲን ቀና ብሎ አያት፤ የወናፉን ማሰሪያ ፈታ።

የመጀመሪያውን መቀየሪያ ተጭኖ ጀመረ። የጓዳው ድምፅ መጣ፤ ያው ለስላሳው፣ ያው ገብረወልድ እንደተወው። ሰው ብርጭቆውን ወደ መሬት አወረደ። ሳላሀዲን ዓይኑን ጨፈነ፤ ከጓዳ የሚሰማው ሰው ያለ ይመስል ወደ በሩ ዘንበል ብሎ ተጫወተ። ከዚያ መጋረጃው ተነቃነቀ። የኑርሀን እግር ደፉን ሲሻገር አየ፤ አውራ ጣቱ ወደ ሁለተኛው መቀየሪያ ሄደ፣ ጥቂት አመነታ፣ ተጫነ።

ዜማው ተርገበገበ። በበጋ ቀትር በአስፋልት ላይ እንደሚርገበገብ አየር። ሳላሀዲን እጁ ሳያቆም ራሱን ቀና አደረገ፤ መስማቱን የሺአረግ ከፊቱ አነበበች፤ እንባው እስከ ጢሙ ወረደ። እልልታው ቀለጠ፣ ከረሜላ ተበተነ፣ ኑርሀን በዚያ ድምፅ ላይ እየተራመደች ወጣች። የሺአረግ ግን የምትሰማው ሌላ ነበር። ምላሶቹን ለየብቻቸው ታውቃቸዋለችና፤ ከጓዳው ቀጥ ብሎ የሚዘምረው ገብረወልድ፣ ከሳሎን ጥቂት ከፍ ብላ የምትቀበለው እሷ። ለየብቻ ቢሆኑ ሁለቱም ቀጥ ያሉ ናቸው። የሚርገበገበው አብረው ሲሆኑ ነው።

ሳላሀዲን እየተጫወተ ወደ እሷ ዘንበል አለ።

«ይኼ የማን እጅ ነው?» አላት።

«የሁለታችንም» አለችው ጆሮው ጥግ።

እሱም ራሱን ነቀነቀ፣ ወናፉንም እስከ ጥጉ ከፈተው።